ግንባሩና ጥርሱ

አጃን ሳናን ከመኪናው ሲወርዱ እጃቸውን የኮሶን ክንድ ላይ ጣል አደረጉ። ከሩቅ ለሚያይ፣ አንድ የተከበረ መምህር ከቀድሞ ተማሪው ጋር ወግ ይዞ የሚራመድ ይመስላል። ዓይናቸው ካለፈው የዝናብ ወራት ወዲህ ከብርሃንና ከጥላ በቀር ምንም እንደማይለይ የሚያውቁት ሚስታቸውና ኮሶን ብቻ ነበሩ።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» ብለውት ነበር ያኔ። «ዓሣውን ከእሾሁ እየለዩ እንዲያጎርሱኝ አልፈልግም።»

ኮሶን ትንፍሽ አላለም። ዝም ያለው ግን ቃሉን ለመጠበቅ ብቻ አልነበረም። ከመምህሩ ዘንድ ለእሱ ብቻ የተሰጠ፣ አዲሷ ተማሪያቸው ማሊዋን የማታውቀው ነገር ቢኖር ይኸው ምስጢር ነው። ሰው የአባቱን ርስት እንደሚጠብቅ ይጠብቀው ነበር።

«አጃን! አጃን መጡ!»

ማሊዋን መምህሩን በማዕረጋቸው እየጠራች ከፋብሪካው በር እየሮጠች መጣች። የሥራ ቆቧን አውልቃ መዳፎቿን ፊቷ ላይ ገጥማ እጅ ነሣች። ሽማግሌው ድምፅዋን ሲሰሙ ፊታቸው ሁሉ ተፈታ።

«አንቺ ልጅ፣ በላሽ ወይስ ዛሬም በባዶ ሆድ ነው?»

«የተጠበሰ ዶሮና ሩዝ በልቻለሁ አጃን። ግማሹ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል።»

«ውኃ ጠጪበት። ፈተና ያለበት ሰው ዶሮውን ይውጥ እንጂ ዶሮው እሱን አይውጠው።»

ሁለቱም ሳቁ። ኮሶን የመኪናውን በር ዘጋ፤ ከሚገባው በላይ ጮኸበት። ራዮንግ ካለው መኖሪያ ቤታቸው እስከዚህ ሲያመጣቸው አንድም ጊዜ በላህ ወይ ብለው አልጠየቁትም።

ሁለቱን ያገናኘው ራሱ መሆኑ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው። ኮሶን ሞያውን የተማረው ከአጃን ሳናን ነው፤ ገና ቾንቡሪ በሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜው በሙሉ መዳብን ከመዳብ በመበየድ አልፏል። ብየዳው እሳት የለውም፤ ቆርቆሮ የሚቀልጥበትም አይደለም። ቀንድ የሚሉት የብረት ጫፍ ጆሮ ሊሰማው በማይችል ፍጥነት እየተርገበገበ ላይኛውን ብረት ነክሶ ከታችኛው ጋር ይፈትገዋል። ቆሻሻውና ቆዳው ሲገፈፍ ሁለቱ ራቁት ብረቶች ይያያዛሉ። መዳብ ከመዳብ ጋር ሲሆን ሥራው የወንድማማቾች እርቅ ነው፤ ትንሽ ገፋ ቢያደርጉትም፣ ትንሽ ቢተዉትም ይሆናል። አሉሚኒየምን ከመዳብ ጋር ማጋባት ግን ሌላ ነገር ነው። አሉሚኒየሙ ራሱ ለስላሳ፣ ቆዳው ግን ጠንካራ ነው። ጥቂት ከበዛበት ይቀደዳል፤ ጥቂት ካነሰው ቆዳውን እንደ ለበሰ ይቀመጣል እንጂ አይያዝም።

ፋብሪካው የመኪና ባትሪ ሥራ ሲጀምርና ይህ አዲስ ብየዳ ሲመጣ፣ «አጃን ሳናንን እናምጣ» ያለው ኮሶን ነው። አጃን መጡ። የሁሉንም ሙከራ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዳሰሱት ሁሉ አንዱን ቁራጭ ለብቻው አስቀምጠው «ይሄ የማን ነው?» አሉ። ከኡቦን የመጣችው፣ ገና አፏን ያልፈታች የምትመስለው የማሊዋን ነበር። የኮሶን ቁራጭ ከሌሎቹ ጋር ክምር ውስጥ ቀረ።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ መምህርና መሣሪያ የሚከበርበት ቀን። ፋብሪካው ቆሟል። በየመሣሪያው አንገት ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ ታስሯል፤ የጃስሚን ጉንጉን ተንጠልጥሏል። መሐል ላይ ባለው ጠረጴዛ የተቀቀለ የአሳማ ራስ፣ እንቁላል፣ ሙዝና ኮኮናት ተደርድሯል። ከጎኑ ክዳናቸው የተከፈተ፣ መምጠጫ የተሰካባቸው ቀይ ለስላሳ መጠጦች አሉ።

«ፒ ኮሶን» አለችው ኑይ፣ የተበየደውን እየሳበች የምትፈትነዋ ወፍራም ሴት፤ ታላቅን ሰው ፒ ነው የሚሉት። «ፊትህን ምን ነካው? የአሳማው ራስ እንኳ ካንተ ይሻላል፤ እሱ ፈገግ ብሏል።»

«እሱ ያረፈ ነው» አላት ኮሶን።

«አንተም ታርፋለህ፣ አይዞህ። ሥራ አስኪያጁ ዊሮት ያለውን አልሰማህም? ከሰዓት በፊት የመኪና ኩባንያው ሰዎች ይመጣሉ። የማሊዋን ብየዳ ከያዘ አዲሱ መስመር የእሷ ነው፤ አለቃ ትሆናለች። ካልያዘ ላንተ ይሰጣል፤ በዕድሜም በአገልግሎትም አንተ ነህ ብሏል። እንግዲህ ለማን እንደምትጸልይ አንተ ታውቃለህ።»

ኮሶን መሣሪያዎቹ የሚቀቡት የበረከት ሊጥ ያለበትን የብር ጎድጓዳ ሳህን አነሣ። በሽቶ ውኃ የተለወሰው ነጭ ዱቄት ከአበባ የበለጠ ይሸታል። በየዓመቱ ሳህኑን የሚይዘው እሱ ነው፤ አጃን ጣታቸውን ነክረው በየመሣሪያው ግንባር ላይ ሦስት ነጥብ ያኖራሉ። ግንባር የሚባለው ከቀንዱ በላይ ያለው፣ የመሣሪያው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ነው። መምህር ያኖረውን ነጥብ ማንም አይጠርግም፤ ራሱ ደርቆ እስኪረግፍ ይቆያል።

በመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ሁሉ ኮሶን ክንዱን በዘዴ እያነሣ እጃቸውን ወደ ግንባሩ አደረሰ። ማንም ምንም አላወቀም። የማሊዋን መሣሪያ ዘንድ ሲደርሱ ልጅቱ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ መዳፎቿን ገጥማ፣ ዓይኖቿን ጨፍና ነበር። አጃን የእሷ ተራ መሆኑን ከሽታዋ ይሁን ከትንፋሿ አውቀው ቀድመው ፈገግ አሉ። ጣታቸውን ከሌላው ጊዜ በላይ አጥልቀው ነከሩ። የኮሶንን ክንድ ሳይጠብቁ እጃቸውን ዘረጉ።

ጣታቸው ከግንባሩ ዝቅ ብሎ የቀንዱ ጫፍ ላይ፣ ብረቱን በሚነክሱት ጥቃቅን ጥርሶች ላይ አረፈ።

«ግንባሩ ላይ ነኝ?» አሉ በሹክሹክታ።

ኮሶን ጣቱን እያየ ነበር። ሊጡ ጥርሶቹ መሐል ሲገባ እያየ ነበር። የሚያሟልጭ ሊጥ በዚያ ቦታ ምን እንደሚሠራ ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ በአዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንደኛው አያይም፣ ሁለተኛዋ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ነዎት፣ አጃን» አለ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አጃን ሦስቱንም እዚያው አኖሩ።

ማሊዋን ዓይኗን ስትገልጥ ነጩን ሊጥ ቀንዱ ላይ አየችው። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ፊቷ ላይ ደም ሞላ። አጃን ሳናን ለማንም መሣሪያ ቀንድ ቀብተው አያውቁም። ይህን ለእሷ ብቻ አደረጉት። ግንባሯ ወለሉን እስኪነካ ሰገደች። ኮሶን ያንን ደስታ ሲያይ፣ ውሸቱ ራሱ ለእሷ በረከት የሆነላት መስሎት በገነ።

የኩባንያው ሰዎች ሁለት ሆነው ከሥራ አስኪያጁ ከዊሮት ጋር ገቡ። አጃን «እኔ እዚሁ ልቀመጥ» ብለው ወንበር አስመጡ፤ መዳፋቸውን መሣሪያው እግር ላይ አሳረፉ። ማሊዋን የአሉሚኒየሙን ስስ ቅጠል ከመዳቡ ላይ አስተካክላ አኖረች። ቀንዱ ወረደ፣ ጠቅ አለ፣ ተነሣ።

ኑይ ቁራጩን ወስዳ በመሳቢያው ላይ አሰረችው። በደንብ የተበየደ ሲሆን መጋጠሚያው ከመላቀቁ በፊት አሉሚኒየሙ ራሱ ይቀደዳል፤ ቁራሹም መዳቡ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይሄኛው እንደ ሙዝ ልጣጭ ለቀቀ። መዳቡ ንጹሕ ነበር።

«ሌላ ሥሪ» አለች ኑይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሁለተኛውም ለቀቀ። ማሊዋን ግፊቱን ጨመረች፤ ሦስተኛው ጫፉ ላይ ተሰነጠቀና መሐሉ ለቀቀ። ንዝረቱን አሰፋች፤ ቅጠሉ ተጨማደደ።

አጃን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «መንሸራተት ነው» አሉ ከመሣሪያው እግር ላይ እጃቸውን ሳያነሡ። «አልነከሰም፤ ይልሳል እንጂ። ኮሶን፣ አንተም ይሰማሃል?»

«እኔ እንኳ ከዚህ ሆኜ አይሰማኝም፣ አጃን።»

ከኩባንያው ሰዎች አንዱ ሰዓቱን አየ። ዊሮት ሳቅ ለማለት ሞከረ፤ «መሣሪያውም ዛሬ በዓል ላይ ነው መሰለኝ» አለ። ከዚያ እንግዶቹን ምሳ ጋበዘና ወደ ኮሶን ጠጋ ብሎ «ከምሳ በኋላ አንድ የመጨረሻ ዕድል እሰጣታለሁ። አንተ ተዘጋጅ» አለው።

ኮሶን የጠበቀው ቃል ይህ ነበር። ሲሰማው ግን እንደ ጠበቀው አልጣፈጠውም።

ማሊዋን የውኃ ማቀዝቀዣው ዘንድ አገኘችው። ብርጭቆ ይዛለች፤ አልጠጣችም።

«ፒ ኮሶን፣ ሊጡ ነው» አለችው።

«የቱ ሊጥ?»

«አትቀልድብኝ። ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጋግሯል። ገና ከመጀመሪያው ቁራጭ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ አትጠርጊውም? አልኮልና ብሩሽ አጠገብሽ ነው።»

እንደ እብድ አየችው። «አጃን በገዛ እጃቸው ያኖሩትን? እዚያው ተቀምጠው፣ መዳፋቸው መሣሪያው ላይ ሆኖ? ለኔ ብለው ቀንዱን የቀቡት ያለ ምክንያት ይመስልሃል? ምናልባት ሊፈትኑኝ ይሆናል። ምናልባት በሊጡም ላይ የሚበየድበት መንገድ አለ፣ እኔ ነኝ ያላገኘሁት።»

«መንገድ የለውም።»

«ካልሆነ ይቅር። መስመሩን አንተ ውሰደው። እሳቸው እያሉ ብሩሽ አላነሣም።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ የለፋችበትን እንደ ሎሚ ቅርፊት ጣል አደረገችው። ኮሶን አያት። እሱ በቦታዋ ቢሆን እስካሁን ጠርጎት ነበር። በሥውር፣ ጨርቅ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ፣ መምህሩን እያዋዛ። አጃንን ከሁሉ በላይ የሚወድ እሱ እንደሆነ ስንት ዓመት ሲያስብ ኖረ። አሁን በዚያም በለጠችው።

«አላዩትም» አለ ሳያስበው።

«ማን?»

«አጃን። ቀንዱን አላዩትም። ዓይናቸው አያይም፣ ማሊዋን። ጣታቸው ስቶ ነው።»

ብርጭቆው እጇ ላይ ዘነበለ፤ ውኃው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዝናቡ ወራት።»

«ላንተ ነገሩህ?»

«ነገሩኝ።»

«ለኔ ያልነገሩኝ ለምንድነው?» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። «በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄድኩ ሾርባ አደርስ የለም እንዴ? ለምን ላንተ?»

ኮሶን ያንን ፊት ያውቀዋል። በየጠዋቱ ሲላጭ መስተዋት ውስጥ የሚያየው ፊት ነው። ለአንዲት ቅጽበት ልቡ ጮቤ ረገጠ፤ ወዲያው አፈረበት። ምስጢሩንም በዚያው ቅጽበት ማጣቱን አወቀ፤ ከእንግዲህ የሁለታቸው ነው።

«እኔ እሳቸውን ወደ ሌላ ቦታ እወስዳቸዋለሁ» አላት። «አንቺ ጥርሱን አጽጂው። በደንብ፤ በናሱ ብሩሽ።»

አጃንን የራሱን መሣሪያ እንዲጎበኙ ብሎ ወደ አዳራሹ ሌላ ጫፍ ወሰዳቸው። ድሮ ያስተማሩበት ዓይነት፣ መዳብ ብቻ የሚበይድ አሮጌ መሣሪያ ነው። ወንበር ሰጣቸው፤ ከለስላሳዎቹ አንዱን አመጣላቸው። ሁለቱ ብቻቸውን ሆኑ። እንዲህ ያለ ሰዓት ስንት ጊዜ ተመኝቶ ነበር፤ ማንም ሳይገባበት መምህሩን ለብቻው የሚያገኝበት።

«ልጅቱ ምን እያደረገች ነው?» አሉ አጃን።

«እያስተካከለች ነው።»

«በልታለች?»

«አላውቅም፣ አጃን።»

«የሷ ችግር ሲጨንቃት አለመብላቷ ነው። ሚስቴን ሾርባ በማምጣቷ ታታልላታለች፤ ራሷ አትቀምሰውም። ስለ ግፊቱ ምን አለች?»

ኮሶን አንድ በአንድ መለሰ። ሁሉም ጥያቄ ስለ እሷ ነበር። ከዚያ ሽማግሌው መምጠጫውን ከአፋቸው አወጡ። ጠርሙሱን ሲያስቀምጡ ወለሉን በእግራቸው ፈለጉ።

«ኮሶን፣ ጣቴም ሊሄድ ነው መሰለኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ጠዋት ስቀባ ጥርስ የነካሁ መስሎኝ ነበር። በርግጥ ጥርስ ነበር ብዬ ልምል ደርሼ ነበር። አንተ ግን ግንባሩ ነው አልከኝ።» ጣቶቻቸውን እርስ በርስ አሻሹ። «ዓይኔ ሲሄድ ብዙም አልደነገጥኩም። ጣቴ አለኝ ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሱ ነው የኖርኩት። ከእንግዲህ ጥርስና ሰሌዳ ካልለየ ለማንም እጄን አልዘረጋም። በሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ኮሶን ቆሞ ነበር። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ማሊዋን ጣታቸው ሳተ ብላ ታምናለች፤ እሳቸውም ያምናሉ። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ አሁንም እሱ ብቻ የያዘው ምስጢር ይኖረዋል።

«ጣትዎ ልክ ነበር፣ አጃን።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ጥርሱ ነበር?»

«ጥርሱ ነበር።»

«አላየህም ነበር?»

«አይቻለሁ።»

ከወዲያኛው ጫፍ የናስ ብሩሽ ብረት ሲፍቅ ይሰማል። አጃን ድምፁን አደመጡት፤ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

«እሷን ነው ልትጥል የፈለግኸው ወይስ እኔን?»

«እሷን።»

«በኔ ጣት።»

«በእርስዎ ጣት» አለ ኮሶን። «ስለ ዓይንዎም ነግሬያታለሁ። አልጠርግም ስትል ሌላ መንገድ አልነበረኝም።»

«አልጠርግም አለች?»

«አጃን ያኖሩትን አልነካም አለች።»

«ጅል ልጅ» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። ከዚያ እጃቸውን ወደ አሮጌው መሣሪያ ዘረጉ። ማንም ሳይመራቸው ሰሌዳውን አገኙ፤ ወደ ታች ወርደው ቀንዱን አገኙ፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ጫፍ ቆጠሩ። ትንፋሻቸው እየረጋ ሲሄድ ኮሶን ይሰማው ነበር።

እንግዶቹ ከምሳ ሲመለሱ፣ ወዲያ ማዶ የማሊዋን መሣሪያ ቀንድ ጠቅ አለ። ጥቂት ቆይቶ የኑይ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«ተቀደደ! አሉሚኒየሙ ተቀደደ! ቁራሹ መዳቡ ላይ ቀረ፣ እዩት!»

ጭብጨባ ተነሣ። አጃን ወደ ኮሶን ዞረው ጠበቁ።

«ይዟል፣ አጃን» አለ ኮሶን።

«ሰው የሞተ ነው የምታስመስለው» አሉ። «ሂድና ጥራት። ወደ ቤት እሷ ታድርሰኝ።»

«እኔ መኪና አለኝ። እሷ ያላት ሞተር ሳይክል ነው።»

«ታዲያ? የምቀመጠው ከኋላ ነው፤ ከኋላ ለመቀመጥ ዓይን ምን ያደርግልኛል?» ተነሡ። «አንተ እዚህ ሥራ አለህ። የዚህ ቀንድ ጥርስ አልቋል። መዳብ ሁሉን ይሸከማል ብለህ ትተኸዋል። ዛሬውኑ ቀይረው።»

ኮሶን ሄዶ ጠራት። መጥታ ስትሰግድላቸው፣ ስታለቅስና ስትስቅ፣ እሳቸውም ጆሮዋን ቆንጠጥ ሲያደርጓት ጀርባውን ሰጥቶ የመፍቻ ሣጥኑን ፈለገ። ወደ በሩ ሲሄዱ ግን ዞር ብሎ አየ። የእጃቸውን አንጓ በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሕፃን ትጎትታቸዋለች።

«ደረጃ አለ፣ አጃን! ትልቅ ነው! ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ደረጃው ትልቅ አልነበረም። እንዲህ አይጮኽም፤ ክንድን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ እሳቸው ያውቁታል። ኮሶን መፍቻውን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ሄደ። አጃን ቦይ እንደሚሻገር ሰው እግራቸውን አጉል አንሥተው ተንገዳገዱ፤ ልጅቱ አቀፈቻቸው፤ ሁለቱም በሳቅ ሞቱ።

ኮሶን ተመለሰ። አሮጌው መሣሪያ ሥር ተንበርክኮ መፍቻውን ቀንዱን በያዘው ብሎን ላይ ሰካ። ብሎኑ ደርቆ ነበርና በሙሉ ክብደቱ ገፋው።